ራፖር ጸሐፊው ያልጻፈው

ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከተቀደደ ጃንጥላ ሥር፣
አንማው ተቀምጧል ከጽሕፈት መኪናው ጋር።
«በአጭሩ ንገረኝ» አለ፣ ወረቀቱን እያስገባ፣
«ዳኛ እንባ አያነብም፤ ፊደል ነው የሚገባ።
ይግባኝ ነው? መልስ ነው? ወይስ የቀጠሮ ለውጥ?»
ልንገረው እባላለሁ፣ አልኩት፤ ባለጀልባ፣ ከሽምብጥ።

እግድ ነው የምፈልገው።

ስድስት ባለገንዘብ በስድስት መዝገብ ከሶኝ፣
ሰኞ ባንኩ ያቆመኛል፣ ማክሰኞ ናፍጣ ሻጩ ጠርቶኝ፣
ረቡዕ የዕቁቡ ዳኛ፣ ሐሙስ የሚስቴ ወንድም፤
ዓርብ ያርፉኝ ይሆን ብል፣ ያረፈ ግን የለም።
ያለችኝ አንዲት ጀልባ ናት፣ ከነአርባ ፈረስ ሞተር፤
ስድስት ሆነው ቢካፈሏት፣ ለማን ይደርሳል ምን ነገር?
አንዱ ወንበር ቢደርሰው፣ አንዱ መልሕቅና ገመድ፣
እነሱም አይከፈሉ፣ እኔም አልነግድ።

ዘመናይ ትባላለች፣ በልጄ ስም ነው የጠራኋት፤
ግንቦት ሃያ ሁለት ነው በሐራጅ የሚሸጧት።
ማስታወቂያው ወደቡ በር ላይ ነው፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ
«ዘመናይ ትሸጣለች» የሚል አንብባ፣ ቤት ገባች ስታለቅስ።

ጻፍ እንግዲህ፦
እንግዳ ነበር ሥራዬ። ዘጌ ማድረስ፣ ከዘጌ መመለስ፤
ፈረንጁ ካሜራውን ሲያስተካክል፣ ሞተሩን ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ።
ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ሆቴሎቹ መብራት አጠፉ።
ወደቡ ላይ ከኔ ጋራ ጉማሬዎቹ ብቻ ተረፉ።
ከዚያ እምቦጭ መጣ። አበባው እንኳ ያምራል፤
ሐምራዊ ምንጣፍ ነው፣ ሠርገኛ የሚመጣ ይመስላል፤
ከሥር ግን የሞተሬን ክንፍ አንቆ ይይዛል።
ወለድም እንደሱ ነው፦ ቀን ሙሉ ስትነቅል ውለህ፣
ማለዳ እጥፍ ሆኖ፣ አብቦ ታገኘዋለህ ከደጅህ።

«ይህ ሁሉ ለምን?» አለ አንማው። «አንቀጹን ጥቀስ።»

አንቀጽ አላውቅም። አያቴ ግን ያወራኝ ነበር፣
ባለዕዳና ባለገንዘብ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ሲዞሩ ባገር፤
አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣
አንዱ ሲያስለው ሁለቱ ይነቃሉ።
የባንኩ ነገረ ፈጅ ግን ፊቴን እንኳ አያውቀውም፤
የሚያውቀው የመዝገብ ቁጥሬን ነው። ቁጥር ደግሞ አይርበውም።
«በሕግ አምላክ!» ሲሉት፣ ሯጭ ባለበት ይቆም ነበር፤
ዛሬ ያችን አንዲት ቃል ለማለት፣ ሦስት ቅጂ፣ ማኅተም፣ ቴምብር።

ግን አንማው፣ ጨረጨራ ወርደህ ታውቃለህ?
አባይ ከጣና ሲወጣ፣ በሩ ላይ ቆመህ አይተህ?
ያን ያህል ወንዝ፣ ያን ያህል ጉልበት፣
ብረቱ ዝቅ ሲልበት
ይቆማል። ያስባል።
ሐይቅ ሆኖ ይቆያል፣ ለጥቂት።
መሄዱ ይቅር አላልኩም፤ ቆላው ይጠብቀዋል፣ ይሂድ፤
ዕዳዬም እንደዚያው ነው፤ አይሰረዝ፣ አይካድ።
በሩን ብቻ ዝቅ አድርጉልኝ፣ ክረምቱ እስኪወጣ፣
መስከረም ጠብቶ አንድ እንግዳ፣ አንድ ብቻ፣ እስኪመጣ።

አንማው ዝም አለ። ጣቶቹ ብቻ፦ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።
ሲያወጣው፣ ጀልባ የለም፣ ጉማሬ የለም፣ የለም እምቦጭ።
«አመልካች፣ በተናጠል የተጀመሩት ክሶች
ለጊዜው ታግደው እንዲቆዩልኝ በማክበር አመለክታለሁ።»
ይኸው ነው። ማንበብ እንደ ጠፋው ሰው ደጋግሜ አየዋለሁ።

«ሃምሳ ብር» አለኝ።
ኪሴን ዳበስኩ። የጀልባዋ ቁልፍ።
ሌላ የለም።

አየኝ። ሳቅ አለ። ወረቀት መልሶ አስገባ፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ኹካታ፤
«የባለገንዘቦች ዝርዝር» ከሚለው ገጽ፣ ከስድስቱ ስም በታች፣ በባዶው ቦታ፣
ሰባተኛ፦ አንማው ፈንታ፤ ሃምሳ ብር፤
ብሎ መታ።